የስካነር ራዲዮ አንቴና በአምባሰል ተራሮች ሥር

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው መንገድ ላይ በምትገኘው በውጫሌ የሚኖር ሰው፣ ሞገዶችን በየተራ በራሱ የሚፈትሸውን ስካነር የተባለውን ራዲዮ ገዝቶ ከሹክሹክታ በቀር ምንም ባይሰማበት፣ ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ ያላክካል፤ ይሁን እንጂ ራዲዮ የሚያሰማው አንቴናው ያቀበለውን ብቻ ነውና፣ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው አንቴናው የቆመበት ስፍራ ነው።

የሞገድ ጠባይ አንድ ዓይነት አይደለም። አጭር ሞገድ ወደ ላይኛው አየር ወጥቶ ተመልሶ ወደ ምድር ስለሚወርድ፣ የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ባሕርና ተራራ ተሻግሮ ከሀገራችን ሊደርስ ችሏል። ስካነር በብዛት የሚያደምጠው ሞገድ ግን በቀጥታ የሚጓዝ በመሆኑ ተራራ ይጋርደዋል፤ ስለዚህም ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ኮምቦልቻ የሚበረው አውሮፕላን አብራሪ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ሲናገር ከሰማይ በግልጽ ሲደመጥ፣ ከምድር ሆኖ የሚመልስለት ሰው ድምፅ ከተራራው ወዲያ ይቀራል።

የአንቴናው ቁመት በሞገዱ ልክ ይወሰናል። 300ን ለሜጋኸርዙ ቢያካፍሉት የሞገዱ ርዝመት በሜትር ይገኛል፤ ለ125 ሜጋኸርዝ 2.40 ሜትር ይሆናልና፣ የዚህ ሩብ፣ ማለት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ፣ ከሥሩም ወደ ታች ያዘነበሉ አራት ዘንጎች ይበቃሉ። የገመዱ መካከለኛ ሽቦ ከላይኛው ዘንግ፣ በዙሪያው የተጠለፈው ሽቦ ከታችኞቹ ጋር ይታሰራል። ብዙ ዓይነት ሞገድ ለመስማት የሚሻ ሰው ግን ዲስኮን የተባለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ምሰሶው ከቆርቆሮው ጣራ ከፍ ብሎ፣ ቢወድቅ እንኳ የመብራት ሽቦ ከማይነካበት ርቀት ላይ ይተከል። ከፍታ መልካም ቢሆንም ቀጭን ገመድ በረዘመ ቁጥር የተቀበለውን ኃይል በመንገድ ያባክናልና፣ ወፍራምና አጭር ገመድ ይመረጣል፤ መጋጠሚያው ዝናብ በማያስገባ ፕላስተር ይጠቅለል፤ ገመዱም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይጠምዘዝ፣ ውሃው ከዚያ ይንጠባጠብ ዘንድ። የብረቱ ምሰሶ በወፍራም ሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ፤ ክረምት ሲያጉረመርም ደግሞ ገመዱ አስቀድሞ ከራዲዮው ይነቀል፤ ደመናው አናት ላይ ከደረሰ በኋላ ግን መንካት አደጋ ነው።

ጆሮ የደረሰበት ሁሉ የተፈቀደ አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰው የግል ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋልና፣ መሣሪያውን ከመግዛት በፊት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መጠየቅ ብልህነት ነው። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ በጀቱ ጠባብ የሆነበት ሰው ርካሹን ራዲዮ ገዝቶ የተረፈውን በምሰሶና በገመድ ላይ ቢያውለው፣ ውድ ራዲዮ በመስኮት ሥር ካስቀመጠው ጎረቤቱ አብልጦ ይሰማል።