በእጅ ስለሚገፋ የሣር ማጨጃ መኪና አመራረጥ

በደሴ ከተማ በፒያሳና በዙሪያው እንዳሉት ያሉ ጠባብ ግቢዎች፥ የመሥሪያ ቤትም ይሁኑ የመኖሪያ፥ በክረምት ሣራቸው ያለ ልክ ይበረታል። አገሩ ደጋ ከመሆኑም በላይ የበልግ ዝናም ስለሚደርሰው፥ ዝናሙ በቀና ዓመት ሣሩ ሁለት ጊዜ ይነሣል። ይህነን ሣር በማጭድ ማሳጨድ የቆየ ልማድ ነው። ግቢውን አሳምሮ ለመያዝ የማጨጃ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሹም ወይም ባለ ግቢ ቢኖር አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የገዢው ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በሞተሩ ላይ ነው፤ ለጠባብ ግቢ ደግሞ ሞተር የሚያሻ አይደለም። አንድ መቶ ካሬ ሜትር ለማትሞላ ግቢ ባለ ሞተር መኪና ገዝቶ፥ በሁለተኛው ክረምት ካንዴላው ተበላሽቶ በዕቃ ቤት ጥግ እንዲቆም ማድረግ፥ የተወቃ እህልን በዝናም ላይ እንደ ማስጣት ነው። ገንዘቡ የመንግሥት ሲሆን ነገሩ የባሰ ይሆናል።

መኪናው መጀመሪያ የተገኘው በእንግሊዝ አገር ነው። ኤድዊን ቢርድ በዲንግ የሚባል ብልኅ ሰው በስትራውድ ከተማ አጠገብ ይኖር ነበር። በዚያ አገር ባሉ የጨርቅ ፋብሪካዎች በሱፍ ጨርቅ ፊት ላይ የሚቆመውን ጠጉር እየላጨ የሚያስተካክል ባለ ስለት በርሜል ነበረ። እርሱም ይኸው ብልኀት ሣርንም ሊያስተካክል እንደሚችል አስቦ፥ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1830 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዛሬ በእጅ የሚገፋው መኪና መሠረቱ ያው ነው። ሰው ሲገፋው ጎማው ይዞራል፤ ጎማው በጥርስ አማካይነት በርሜሉን ያሽከረክራል፤ በበርሜሉ ላይ ያሉት ጠማማ ስለቶች ከታች ከተተከለው የማይንቀሳቀስ ስለት ጋር እየተገናኙ ሣሩን እንደ መቀስ ይቆርጡታል። ከባለ ሞተሮቹ የሚበዙት ግን አንድ ጠፍጣፋ ስለት አግድም በብርቱ ፍጥነት እያዞሩ ሣሩን በመምታት የሚቆርጡ ናቸው። ስለቱ የዶለዶመ እንደ ሆነ ሣሩ ይቀደዳል እንጂ አይቆረጥም፤ ጫፉም በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይገረጣል።

ባለ ግቢው ከመግዛቱ አስቀድሞ ግቢውን በሜትር ይለካ። ስፋቱ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ መኪና፥ 5 ሳንቲ ሜትሩ ባለፈው መስመር ላይ ሲደረብ፥ በአንድ ጉዞ 30 ሳንቲ ሜትር ያጭዳል። ርዝመቱና ወርዱ 10፥ 10 ሜትር በሆነ ግቢ ላይ ሠራተኛው 34 ጊዜ ይመላለሳል፤ እርምጃውም በጠቅላላው 340 ሜትር ነው። ይህ ቡና እስኪፈላ ድረስ የሚፈጸም ሥራ ነው። ግቢው 200 ካሬ ሜትር ቢሆን ድካሙ እጥፍ ነው፤ እርሱም ቢሆን ለአንድ ጤነኛ ሰው አይከብድም። ከ500 ካሬ ሜትር በላይ ለሆነ መስክ ግን ሞተር ማሰብ ይገባል።

ስለ ሞተር ከተነሣ፥ የከፍታው ነገር ሊታወቅ ያሻል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፥ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ ሦስት ተኩል ያህል ያጣል። እንግዲህ በባሕር ጠረፍ የተፈተነ ሞተር ደሴ ሲደርስ ከኃይሉ ከሩብ በላይ ይጎድለዋል ማለት ነው። 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በኮምቦልቻ እንኳ አምስተኛው እጅ ይቀራል። ካርቡሬተሩም ለከፍታው ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፤ ጢሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ጉልበቱ በከፍታው አይጎድልበትም። በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠራም አለ፤ በእርጥብ ሣር ላይ ገመድ እየጎተቱ መሥራት ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ አይመከርም።

ገዢው በሻጩ ፊት ሲቆም ቀለሙን አይመልከት። አንድ ቅጠል ስስ ወረቀት ይዞ ይሂድና በበርሜሉና በታችኛው ስለት መካከል አግብቶ በርሜሉን በቀስታ በእንጨት እየገፋ ያዙረው። ስለቱ ወረቀቱን በግራም በመካከልም በቀኝም ጥርት አድርጎ ከቆረጠ ደኅና ነው። በአንድ ወገን ቆርጦ በሌላው ቢያጥፈው፥ ጫፍና ጫፍ ያሉትን ማስተካከያ ቡሎኖች አጥብቆ እንደ ገና ይሞክር፤ ቡሎኖቹ ከሌሉበት ወይም ከዛጉ ያነን መኪና ይተወው። ቀጥሎም መኪናውን ወደ ፊት ገፍቶ ወደ ኋላ ይሳበው። ወደ ፊት ሲሄድ ስለቱ መዞር አለበት፤ ወደ ኋላ ሲሳብ ግን መቆም አለበት። ከዚህ በኋላ በርሜሉን በጨርቅ ይዞ ወዲህና ወዲያ ይነቅንቀው፤ ቢወላገድ ኩሽኔታው አልቋል። የስለቶቹ ቍጥር አምስት ከሆነ ይበቃል። የማጨጃው ከፍታ ቢያንስ እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ሰርዶን ከሥሩ መላጨት በበጋ መሬቱን ያራቍተዋልና። ያገለገለ ከባድ የብረት መኪና ስለቱ ካልተሸረፈ፥ ጥርሱ ፕላስቲክ ከሆነ አዲስ መኪና ይሻላል።

መኪናው የማይችለውም አለ። ሣሩ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ከረዘመ በበርሜሉ ሥር ይተኛል እንጂ አይቆረጥም። ስለዚህ በሰኔ የመጀመሪያው አጨዳ የማጭድ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ፥ ከሣሩ ቁመት ከሦስት እጅ አንዱን ብቻ እየቀነሱ መሥራት ነው። በየሳምንቱ ሊያሠራ የማይችል ሰው መኪና ባይገዛ ይሻለዋል፤ ማጭዱ ይበቃዋል።

ደግሞም በወሎ የታጨደ ሣር የሚጣል ነገር አይደለም። በማጭድ ግቢ የሚያጸዳ ድኃ ከገንዘቡ ይልቅ ለላሙ ተሸክሞት ስለሚሄደው ሣር የሚመጣበት ጊዜ አለ። የመኪናው ቍርጥራጭ ግን አጭር ነው፤ ተከምሮ ያደረ እንደ ሆነ ይሞቃል፥ ይሻግታል፤ የሻገተውንም ለከብት መስጠት አይገባም። ሹሙ ይህን አስቦ ደጃፉን ብቻ በመኪና ቢያሠራ፥ ጓሮውን ለማጭድ ቢተው፥ አጫጁ ከሣሩ አይለይም፤ ለቡናና ለበዓል የሚጎዘጎዘውም ከዚያው ይገኛል።

መኪናው ከተገዛ በኋላ ሠራተኛው ከማጨዱ በፊት ድንጋይና ሽቦ ይልቀም፤ አንድ ጠጠር ስለቱን ይሸርፈዋል። የደሴ ግቢ ብዙ ጊዜ ተዳፋት ስለሆነ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን አግድም ይሂድ። ጤዛው ሳይደርቅ አይጀምር። ሣር ወይም እንጨት በስለቱ መካከል ሲሰነቀር በጣት አይንካው፤ ጎማው ጥቂት ሲንቀሳቀስ ስለቱም ይንቀሳቀሳልና በእንጨት ያውጣው። ሕፃናትም እንዳይነኩት ይጠበቁ። ዝናሙ ካባራና ሣሩ ማደጉን ካቆመ በኋላ አፈሩን ጠርጎ፥ ስለቱን በዘይት ኩሽኔታውን በግራሶ ቀብቶ፥ እርጥበት በማያገኘው ቦታ ከምድር ከፍ አድርጎ ያስቀምጠው። ስለቱ ከዶለዶመ በሞረድ አይነካካው፤ የበርሜሉ ክብነት ይበላሻል። የብረት መሳያ ቅባት በስለቶቹ ላይ ቀብቶ በርሜሉን በመፍቻ ወደ ኋላ የሚያዞር ባለ ሙያ ይፈልግ፤ ከተሳለም በኋላ ቅባቱ ፈጽሞ ይታጠብ።