የጋራ ቁልፍ ለማን ይጠቅማል?

የግል ምሥጢርንና የሕዝብን ደኅንነት እንደ ባላንጣ ማቅረብ የጥያቄውን መሠረታዊ ይዘት ይሸፍናል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ሳን በርናርዲኖ ከተማ 14 ሰዎች በግፍ ተገደሉ። በ2016 ኤፍ.ቢ.አይ. ከገዳዮቹ የአንዱን ስልክ መክፈት ስለተሳነው፣ አፕል ኩባንያ መቆለፊያውን የሚያላላ ፕሮግራም እንዲሠራ ፍርድ ቤት አዘዘ። ኩባንያው፣ ይህ መክፈቻ የሌላውንም ሁሉ ስልክ ለአደጋ ያጋልጣል ሲል ተቃወመ። ትርፍ አሳዳጅ ኩባንያ ስለተናገረው የነገሩ እውነትነት አይሻርም። በመጨረሻም ስልኩ ያለ ኩባንያው ርዳታ ተከፈተ።

ወንጀለኛን መከታተል የመንግሥት ግዴታ ነው። ሆኖም የጋራ ቁልፍ ባለቤቱን አይመርጥም፤ ዛሬ በመርማሪ እጅ ያለው ነገ በሌባ እጅ ሊገባ ይችላል። ደመወዙን በስልክ የሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ምርመራ በሕግ፣ በተጠረጠረው ላይ ይካሄድ፤ የመንደሩ በር ሁሉ ሳይቆለፍ ይደር ማለት ግን ጥበቃ አይደለም።