መውደቅን መማር፦ የማርሻል አርት ልምምድና የመንፈስ እርጋታ

ጁዶ ለመማር ወደ ማሠልጠኛ የሚገባ ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚማረው ባላጋራን መጣልን ሳይሆን ራሱ መውደቅን ነው። አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፤ ጀርባውን ያጎብጣል፤ በሚወድቅበት ቅጽበት በክንዱ ሙሉ ርዝመት ምንጣፉን ይመታል፤ ከዚያም ይነሣና እንደገና ይወድቃል። ጃፓናውያን ይህን የአወዳደቅ ስልት «ኡኬሚ» ይሉታል። ለመሆኑ ጥንካሬን ፍለጋ የመጣ ሰው አስቀድሞ መውደቅን እንዲማር የሚደረገው ለምንድን ነው? ጉዳት እንዳይደርስበት መሆኑ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩ ከዚህም ያልፋል። የማርሻል አርት ልምምድ በራስ መተማመንንና የመንፈስ እርጋታን ያዳብራል ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ይህ አባባል ምን ያህል እውነት ነው? እውነት ከሆነስ በአካላችንና በአእምሯችን ውስጥ ምን ቢከናወን ነው? በዚህ ጽሑፋችን እነዚህን ጥያቄዎች ከፊዚዮሎጂና ከሥነ ልቡና ሳይንስ አንጻር ለመመልከት እንሞክራለን።

ከፍልሚያ ወደ «መንገድ»

በአገራችን ወጣቶች ዘንድ ካራቴ፣ ቴኳንዶ፣ ውሹና ጁዶ የታወቁ ናቸው። በጁዶና በቴኳንዶ ስም መጨረሻ ላይ የምትገኘው «ዶ» በጃፓንኛም ሆነ በኮሪያኛ «መንገድ» የሚል ትርጉም አላት፤ የካራቴም ሙሉ ስሙ «ካራቴ ዶ» ነው። ቃሏ የገባችው በአጋጣሚ አይደለም። ካኖ ጂጎሮ የተባሉት ጃፓናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1882 በቶክዮ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ ከጥንቱ የጁጂትሱ ፍልሚያ አደገኛ የሆኑትን ስልቶች ከነጻ ፍልሚያው አውጥተው አካልንና ጠባይን በአንድነት የሚያንጽ ትምህርት ለማድረግ ነበር ዓላማቸው። ከዚያ ወዲህ ጁዶ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶክዮ፣ ቴኳንዶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የሜዳልያ ውድድር ለመሆን በቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶክዮ ኦሊምፒክም ሰለሞን ቱፋ ኢትዮጵያን ወክሎ በቴኳንዶ ተወዳድሯል።

እንግዲህ ጠባይን ማነጽ የሚለው ሐሳብ ከመነሻው የነበረ ነው። ሐሳብ መኖሩ ግን ውጤት መገኘቱን አያረጋግጥም። ውጤቱን ለመመርመር በመጀመሪያ ፍርሃት በአካል ላይ የሚያደርገውን ማወቅ ያስፈልጋል።

አካል ሲደነግጥ

አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ እንስሳ አደጋ ሲገጥመው አካሉ ለመታገል ወይም ለመሸሽ በቅጽበት ይዘጋጃል። አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል አደጋን በማስተዋል ለሃይፖታላመስ መልእክት ያስተላልፋል። ሃይፖታላመስም ሲምፓቴቲክ በተባለው የነርቭ ሥርዓት አማካይነት ከኩላሊት በላይ የሚገኙትን ዕጢዎች በማነቃቃት አድሬናሊን ወደ ደም እንዲረጭ ያደርጋል። በዚህን ጊዜ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ የምግብ መፍጨት ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ደምም በብዛት ወደ ጡንቻዎች ይሄዳል። ትንሽ ዘግይቶ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ይጨምራል።

ይህ ዝግጅት ከአውሬ ለማምለጥ እጅግ ጠቃሚ ነው። ችግሩ የአካላችን የማንቂያ ደወል አውሬን ከፈተና ወረቀት ለይቶ አለማወቁ ነው። በመግቢያ ፈተና አዳራሽ ውስጥ እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ፣ በክፍል ጓደኞቹ ፊት ቆሞ ጥናቱን ለማቅረብ ድምፁ የሚሰበርበት ወጣት፣ በመንገድ ላይ ጎረምሶች ሲተናኮሏት ክው ብላ የምትቀር ተማሪ፣ ሁሉም ይኸው ደወል የጮኸባቸው ናቸው። ሮበርት የርከስና ጆን ዶድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ አስቸጋሪ ነገር ለመማር የሚበጀው መካከለኛ መነቃቃት እንጂ ከመጠን ያለፈ ድንጋጤ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ስለዚህ ልናገኘው የምንሻው እርጋታ ደወሉ ጨርሶ እንዳይሰማ ማድረግ አይደለም። ደወሉ እየጮኸም ቢሆን ማሰብና መሥራት መቻል ነው።

ልምምዱ የሚያመጣው ለውጥ

በማሠልጠኛው ውስጥ ይህን ችሎታ የሚገነቡ ቢያንስ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ከድንጋጤ ጋር መላመድ ነው። ጀማሪ ሰልጣኝ በቀጥታ ወደ ነጻ ፍልሚያ አይገባም። በቅድሚያ አየር ይመታል፤ ቀጥሎ ጓደኛው የሚሰነዝረውን አስቀድሞ የታወቀ ቡጢ ይከላከላል፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ የማያውቀውን ጥቃት ይጋፈጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ ልቡ ይመታል፤ ሆኖም የፈራው ክፉ ነገር አይደርስም። አንጎል ይህን ደጋግሞ ሲያይ ማስፈራሪያውን እንደ አዲስ አደጋ መቁጠሩን እየቀነሰ ይሄዳል። የሥነ ልቡና ሐኪሞች ከመጠን ያለፈ ፍርሃትን ሲያክሙ ታካሚውን ከሚፈራው ነገር ጋር ቀስ በቀስ የሚያገናኙት በዚሁ መርሕ ነው።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። የልብን ምትና የሆርሞንን መርጨት በፈቃዳችን ልናዝዝ አንችልም፤ ትንፋሽን ግን እንችላለን። በተለይ አየር ቀስ ብሎ ሲወጣ ቬገስ የተባለው ነርቭ በልብ ላይ ያለው ኃይል ስለሚበረታ የልብ ምት ይቀንሳል። ጤናማ ጎልማሳ ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ይህን በፈቃድ ወደ 6 ጊዜ ያህል ዝቅ ማድረግ የልብንና የደም ግፊትን መናበብ እንደሚያሻሽል በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ሰልጣኞች ምት በሚሰነዝሩበት ጊዜ የሚያሰሙት ጩኸትም ትንፋሽን አምቆ ከመያዝ የሚከላከል ሲሆን፣ በልምምድ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ በጸጥታ ተቀምጦ መተንፈስ ደግሞ የነርቭ ሥርዓቱን ያረጋጋል።

ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው። በካራቴ «ካታ»፣ በቴኳንዶ «ፑምሴ» የሚባሉት የተቀነባበሩ እንቅስቃሴዎች በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ይሠራሉ። አንድ እንቅስቃሴ በዚህ መጠን ሲደጋገም አፈጻጸሙ በአብዛኛው አውቀን ከምናስብበት የአንጎል ክፍል ወደ ልማድ ማከማቻዎቹ ይዛወራል። በድንጋጤ ጊዜ በቀላሉ የሚታወከው አውቀን የምናስብበት ክፍል ሲሆን፣ ሥር የሰደደ ልማድ ግን ጸንቶ ይቆያል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል፤ እርጋታ በጭንቅ ሰዓት የሚታጠቁት ሳይሆን አስቀድሞ የሚዘጋጅ ነው።

በራስ መተማመን ከየት ይመነጫል?

ብዙ ሰው በራስ መተማመንን ከጡንቻ ጋር ያያይዘዋል። ታዋቂው የሥነ ልቡና ሊቅ አልበርት ባንዱራ ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ አንድ ሰው «እችላለሁ» ብሎ እንዲያምን የሚያደርጉ አራት ምንጮች መኖራቸውን ገልጸዋል። እነርሱም ራስ ሞክሮ ማሳካት፣ መሰሎች ሲያሳኩ ማየት፣ የሌሎች ማበረታቻ፣ እንዲሁም የራስን አካላዊ ስሜት የምንተረጉምበት መንገድ ናቸው። ከሁሉ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። በደንብ የሚመራ ማሠልጠኛ አራቱንም አጣምሮ ይይዛል። ሰልጣኙ ትናንት ያልቻለውን ዛሬ ይሠራል፤ ከእርሱ በፊት የገባው ጓደኛው ቀበቶ ሲቀይር ያያል፤ አሠልጣኙ ያበረታታዋል፤ የልቡን ምት ደግሞ የውርደት ሳይሆን የዝግጅት ምልክት አድርጎ መውሰድን ይለምዳል።

ወደ ጁዶው ጀማሪ እንመለስ። ከ1 ሜትር ከፍታ የወደቀ አካል መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.4 ሜትር ያህል ነው። አካሉ በ2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም በላዩ ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል የክብደቱ 51 እጥፍ ይሆናል፤ እየተንከባለለ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን ወደ 11 እጥፍ ይወርዳል። በክንዱ መላ ርዝመት መምታቱም ይህ ኃይል በሰፊ ቦታ ላይ እንዲከፋፈል ይረዳል። ጀማሪው ይህን ስሌት ላያውቀው ይችላል፤ አካሉ ግን መቶ ጊዜ ወድቆ መቶ ጊዜ በመነሣቱ ውጤቱን ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ መውደቅ የሚፈራው መጨረሻ መሆኑ ቀርቶ የሚያውቀው ነገር ይሆናል። በራስ መተማመን ማለትም «አልወድቅም» ብሎ መፎከር ሳይሆን «ብወድቅም መነሣት እችላለሁ» የሚል በማስረጃ የተደገፈ እምነት ነው።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

እ.ኤ.አ. በ1986 ማይክል ትረልሰን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን፣ ወደ ጥፋት የሚያዘነብሉ 34 ወጣቶች በሦስት ቡድን ከፍለው ለስድስት ወር ተከታትለዋል። አንደኛው ቡድን ቴኳንዶን ከነሥነ ሥርዓቱ፣ ከአክብሮቱና ከጸጥታ ልምምዱ ጋር ተማረ፤ ሁለተኛው የፍልሚያ ስልቱን ብቻ ተማረ፤ ሦስተኛው ሌላ የአካል እንቅስቃሴ ሠራ። በመጀመሪያው ቡድን ጠበኝነትና ጭንቀት ሲቀንሱ ለራስ የሚሰጥ ግምት ጨመረ። የፍልሚያ ስልት ብቻ በተማሩት ላይ ግን ጠበኝነት ብሶ ተገኘ። የተጠኚዎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ከዚህ ብቻ መደምደም ባይቻልም፣ ጥናቱ ያነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያልደበዘዘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ኪምበርሊ ሌክስና ዊልያም ሆይት በ207 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕፃናት ላይ ባካሄዱት ጥናት ለሦስት ወር ቴኳንዶ የተማሩት በተለመደው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ከቆዩት ይልቅ ራስን በመግዛት ተሻሽለው ተገኝተዋል። በተቃራኒው ኢንገር ኤንድሬሰንና ዳን ኦልዌውስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት የኖርዌይ ጥናት ቦክስን፣ ነጻ ትግልን፣ ክብደት ማንሣትንና የምሥራቅ ማርሻል አርትን ይሠሩ የነበሩ ታዳጊ ወንዶች የጥቃትና የሥርዓት አልበኝነት ባሕርያቸው ጨምሮ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ብራያን ሙርና ባልደረቦቻቸው የተለያዩ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ልምምዱ እንደ ጭንቀትና ድብርት ያሉትን ስሜቶች በመቀነስ መካከለኛ፣ አጠቃላይ ደኅንነትን በማሻሻል ደግሞ አነስተኛ ጥቅም እንዳለው፣ በጠበኝነት ላይ ያለው ተጽዕኖ ግን እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ አረጋግጠዋል።

እነዚህ ውጤቶች የሚቃረኑ ቢመስሉም አንድ ነገር ያመለክታሉ። እርጋታን የሚያመጣው ምቱ ወይም እርግጫው ራሱ ሳይሆን የሚሰጥበት መንገድ ነው። ከጥቅሙ የተወሰነው ክፍል ደግሞ ሩጫን ጨምሮ ከማንኛውም መደበኛ የአካል እንቅስቃሴ የሚገኝ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ለጀማሪዎች የሚሆን ምክር

ይህን ስፖርት ለመጀመር ያሰበ ተማሪ ከሚማረው የስፖርት ዓይነት ይልቅ አሠልጣኙን አስተውሎ ቢመርጥ ይበጀዋል። አሠልጣኙ ጀማሪዎችን በደረጃ ያስተምራልን? የተሸነፈ ሰልጣኝ ሲሳለቁበት ዝም ይላልን? ከማሠልጠኛው ውጭ መደባደብን ይከለክላልን? አንድ ቀን ተቀምጦ ልምምዱን መመልከት ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ መልስ ይሰጣል። ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ምት አንጎልን ሊጎዳ ስለሚችል የራስ መከላከያ ቆብ ቢደረግም እንኳ አደጋው ጨርሶ አይወገድም፤ ከምት በኋላ የማዞር ወይም የማስመለስ ስሜት የተሰማው ሰልጣኝ ወዲያውኑ ልምምዱን አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ጭንቀቱ እንቅልፍና ትምህርት የሚነሣው ተማሪም ስፖርቱን የሕክምና ምትክ ማድረግ አይኖርበትም።

በመጨረሻም ቀበቶ ስለት አይመልስም። ስለት የያዘ ሰው የገጠመው ሰልጣኝ የተማረው እርጋታ በእርግጥ ከሠራለት ንብረቱን ሰጥቶ ወይም ሮጦ ያመልጣል እንጂ ችሎታውን ለማሳየት አይቆምም። የሚያረጋግጠው ነገር የሌለው ሰው መሸሽን እንደ ውርደት አይቆጥረውም፤ መውደቅን የተማረም እንዲሁ።