አምስቱ እጅ ያወጡበት ሰነድ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1994 በካሊፎርኒያ ያለው የኦሬንጅ ካውንቲ አስተዳደር ከስሬያለሁ ብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዲዝኒላንድ የሚገኝበት፣ በሀብታምነቱ የታወቀ አካባቢ ነው። የጠፋው ገንዘብ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል።

ግምጃ ቤቱን የያዘው በሕዝብ የተመረጠው ሮበርት ሲትሮን ነበር። ካውንቲውን ጨምሮ ወደ 190 የሚጠጉ ከተሞች፣ የትምህርት ቤት አስተዳደሮችና የውሃ ድርጅቶች 7.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል በአደራ አስቀምጠውበታል። እሱ በዚህ ገንዘብ የገዛቸውን ሰነዶች እያስያዘ፣ እየተበደረ፣ ሌላ እየገዛ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር አደረሰው። ወለድ ዝቅ ብሎ ይቆያል በሚል ስሌት ነው። በ1994 ማዕከላዊ ባንኩ ወለዱን ደጋግሞ ሲጨምር ስሌቱ ተገለበጠ። ሲትሮን የወለዱን አቅጣጫ ለመገመት ኮከብ ቆጣሪ ያማክር እንደነበር ኋላ ላይ ተሰምቷል፤ ኪሳራው እስኪገለጥ ድረስ ግን የተመሰገነ ባለሙያ ነበር።

ትርፍ እያመጣ ማን ይጠይቀው? በዚያው ዓመት በምርጫ የተፎካከረው የሒሳብ ባለሙያ ጆን ሙርላክ አደጋ እየመጣ መሆኑን በይፋ ተናገረ። ተሸነፈ።

ሲትሮን በስድስት ወንጀሎች ጥፋተኛነቱን አምኖ ተቀጣ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የአንድ ሹም ጥፋት ሆኖ በቀረ ነበር። በጃንዋሪ 1996 ግን የፌዴራሉ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን አምስቱን የካውንቲው ቦርድ አባላት በሪፖርቱ ወቀሰ። ካውንቲው ቦንድ ሲሸጥ ለገዢዎች የሚሰጠውን መግለጫ ያጸደቁት እነሱ ናቸው። በጀታቸው በሲትሮን የወለድ ገቢ ላይ መንጠልጠሉን ያውቁ ነበር፤ ይህ በመግለጫው ውስጥ መስፈሩን ሳያጣሩ እጃቸውን አወጡ። ባለሙያ አዘጋጅቶታል የሚለው መልስ፣ እንደ ኮሚሽኑ አቋም፣ አጠያያቂ ነገር እያወቀ ዝም ያለን ሹም አያድነውም። ቅጣት ግን አልጣለባቸውም፤ ለጥፋቱ ስፋት የለዘበ እርምጃ ነው።

ካሊፎርኒያ ከቀውሱ በኋላ ባወጣችው ሕግ የግምጃ ቤት ኃላፊዎች በየሦስት ወሩ ለቦርዳቸው እንዲያሳውቁ አዘዘች፦ ምን እንደተገዛ፣ ሰነዱን ማን እንዳወጣው፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ለቀጣዮቹ ስድስት ወራት ወጪ በቂ ገንዘብ መኖሩን። የሰነዶቹ የገበያ ዋጋም እንዲጻፍ ደነገገች። ሲትሮን፣ እስከ መክፈያ ቀናቸው ከያዝናቸው ዋጋቸው ቢወርድም አንከስርም ሲል ይከራከር ነበር፤ ይሁንና አበዳሪዎቹ የመክፈያውን ቀን አልጠበቁለትም።