ሰይፉ ለምን ጮኸ?

ልጃችሁ በገዛ እጁ የሠራው ነገር አልሠራ ሲል መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው ቃል ምንድን ነው? እኔና ባለቤቴ በዚህ ጥያቄ የተፈተንነው በአንድ የድራማ ሰይፍ ምክንያት ነው።

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን፣ እዚሁ ዱመርሶ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የበለዓምን ታሪክ በድራማ ለማቅረብ ይለማመዱ ነበር። በዘኍልቍ 24 ከያዕቆብ ኮከብ እንደሚወጣ የተናገረው በለዓም ስለሆነ ታሪኩ ለገና ይስማማል። በመንገድ ላይ የሚቆመው መልአክ ግን የተመዘዘ ሰይፍ መያዝ አለበት። የ15 ዓመቱ ልጃችን «የሚበራና ድምፅ ያለው ሰይፍ እኔ እሠራለሁ» ብሎ ቃል ገባ።

አክስቱ ከአዲስ አበባ የላከችለትን ዕቃ ይዞ ሥራውን ጀመረ። ለስለቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ አዘጋጅቶ፣ ቀለማቸውን የሚቀያይሩ 30 ጥቃቅን ኤልኢዲ መብራቶች ያሉትን ሪባን በውስጡ ዘረጋ። እጀታው ውስጥ ደግሞ መብራቶቹን የሚያዝዝ አርዱይኖ፣ ትንሽ የድምፅ ማጉያ ከነስፒከሩ፣ እንዲሁም ክብ ቅርጽ ያለው ትንሽ ፓወር ባንክ አስገባ። ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ እንኳ በእጅ ባትሪ እየታገዘ ይሠራ ነበር።

ሰይፉ በመጀመሪያ በራ። ድምፁ ሲከፈት ግን ከስፒከሩ እንደ ንብ መንጋ ያለ ጥዝታ ወጣ። የጫፉ መብራቶችም በእሳት ቀለም ፋንታ አረንጓዴና ሰማያዊ ብልጭ ድርግም ይሉ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ነገር ጠፋ።

ባለቤቴ መጋቢ ነው፤ ሰውን በትዕግሥት ያደምጣል። በዚያ ሳምንት ግን ደክሞት ነበር። በመጀመሪያው ምሽት «ሶልደሩን በደንብ አላያያዝከውም» አለው። ልጁ ሁሉንም ነቅሎ እንደገና አያያዘ፤ ጥዝታው አልጠፋም። በሁለተኛው ምሽት «ባትሪውን ሳትሞላው ነው» አለው። ልጁ ሞልቶ አመጣ፤ ያው ነው። በሦስተኛው ምሽት «የማትችለውን ነገር ለምን ቃል ትገባለህ?» አለው። ልጃችን መልስ ሳይሰጥ ሰይፉን አልጋው ሥር ገፍቶ ተኛ።

እኔ የተማርኩት መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነው፤ ስለ ኤሌክትሮኒክስ የማውቀው የለኝም። ነገር ግን በማግሥቱ የልጆቹን ድራማ ሳስጠና አንድ ነገር ልቤን ወጋኝ። በለዓም አህያይቱን የመታት ሦስት ጊዜ ነው። ጥፋቱ ግን የእርሷ አልነበረም፤ እርሱ ያላየውን እርሷ አይታ ነበር። ማታ ይህንን ለባለቤቴ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «እኔም ሦስት ጊዜ መታሁት» አለኝ።

ከዚያም ዲላ ሬዲዮ ለሚጠግን አንድ ወንድም ስልክ ደወልን። እርሱም ስለ ሶልደር አልጠየቀንም። «መጋቢ፣ መብራቱን ብቻውን፣ ድምፁንም ብቻውን አብርታችሁ አይታችኋል?» አለ። አላየንም ነበር። «እንግዲያው ለየብቻ ሞክሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ያያችሁትንም በደብተር ጻፉ» ብሎ መከረን።

አባትና ልጅ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፤ ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ። ድምፁ ብቻውን ሲከፈት ጥርት ያለ ነው። መብራቱ ብቻውን፣ ደብዘዝ ብሎ ሲበራ ሰላም ነው። በሙሉ ኃይል ነጭ ሲበራ ግን ፓወር ባንኩ ይጠፋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲከፈቱ ጥዝታው ይመጣል። ስለዚህ መብራቱም ድምፁም ጤነኛ ነበሩ፤ ችግሩ ያለው በሚገናኙበት ቦታ ነው።

እያንዳንዱ ኤልኢዲ በሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊ አምፒር ይስባል። 30ው ሲደመሩ 1.8 አምፒር ይሆናሉ። ፓወር ባንኩ ላይ የተጻፈው ግን 1 አምፒር ነው። የመጥፋቱ ምክንያት ይህ ነበር፤ ብርሃኑን ወደ ሲሶ ስናወርደው 0.6 አምፒር ያህል ሆነና አቅሙ ቻለ።

ጥዝታው ግን ከሽቦ የመጣ ነው። ልጃችን ቦታ ለመቆጠብ ሲል መብራቱም ድምፁም ወደ ኔጋቲቭ የሚመለሱበትን ሽቦ አንድ ብቻ፣ እሱንም ቀጭን አድርጎት ነበር። እነዚህ መብራቶች የሚደበዝዙት በየሰከንዱ በመቶዎችና ከዚያም በላይ ጊዜ እየበሩና እየጠፉ ነው። የሽቦው ተቃውሞ 0.1 ኦም ቢሆን እንኳ፣ 1 አምፒር ባለፈበት ቁጥር 0.1 ቮልት ከፍ ዝቅ ይላል። ማጉያው ይህን ከሙዚቃው ጋር አብሮ ያጎላዋል። ጥፋት የሠራ ዕቃ የለም፤ ሁለቱ በአንድ ጠባብ መንገድ ተጋፉ እንጂ።

የጫፉ መብራቶች የተሳሳቱት ደግሞ ትእዛዝ የሚያደርሰው የዳታ ሽቦ ከስፒከሩና ከኃይል ሽቦዎች ጋር በፕላስተር አብሮ ስለታሰረ ነው። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ የሚለዋወጥ ማግኔታዊ ኃይል በአጠገቡ ባለ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል።

ይህ ረብሻ በሌላ ቦታ ተፈላጊ ሆኖ እንደነበር ስንሰማ ሁላችንም ሳቅን። የሚበራ ሰይፍ በዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» ፊልም ነው። የፊልሙ የድምፅ ባለሙያ ቤን በርት የሰይፉን ድምፅ የሠራው፣ የፊልም ማሳያ ማሽን ሞተር ጥዝታን ሽፋኑ የተበላሸ የማይክሮፎን ገመድ ከቴሌቪዥን ከያዘው ረብሻ ጋር ቀላቅሎ ነው። እርሱ የፈለገውን እኛ እናባርር ነበር!

ልጆቻችሁ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚሠሩ ከሆነ፣ እኛን የጠቀመን ይኸውና፦

1. ለመብራቱና ለድምፁ የየራሳቸው ኔጋቲቭ ሽቦ ይኑራቸው፤ የሚገናኙት ኃይሉ የሚመጣበት ቦታ ላይ ብቻ ይሁን። ሽቦውም ወፍራምና አጭር ይሁን።
2. በሪባኑ መጀመሪያ፣ በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ መካከል 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይግባ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገላበጠ ሊፈነዳ ስለሚችል ምልክቱን አይታችሁ አያይዙ።
3. በዳታው ሽቦ ላይ፣ ሪባኑ ከሚጀምርበት አጠገብ ከ300 እስከ 500 ኦም የሆነ ሬዚስተር ይግባ።
4. የኃይል ሽቦዎቹን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አንድ ላይ ግመዱ፤ የዳታውን ሽቦ ከእነርሱና ከስፒከሩ ሽቦ አርቁት።
5. ሶልደር ከማድረጋችሁ በፊት ፓወር ባንኩን ንቀሉ። በውስጡ ያለው ሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ልጆች እንዳይከፍቱት ተጠንቀቁ።

ሽቦዎቹን ካራራቅን በኋላ የጫፉ ቀለም ተስተካከለ። ኔጋቲቩን ለሁለት ስንከፍል ጥዝታው ጠፋ። ያኔ ባለቤቴ ሰይፉን አስቀምጦ ልጁን «ልጄ፣ ሦስት ጊዜ በደልኩህ፤ ይቅር በለኝ» አለው። ልጃችንም አቀርቅሮ «አባዬ፣ አንዱን ሽቦ ለሁለት ያዋልኩት እኔ ነኝ እኮ» አለ። ስህተቱን በራሱ አፍ ለመናገር የቻለው መወቀሱ ስለቆመ ነው።

ውድ ባለትዳሮች፣ ከዚያ ምሽት በኋላ እኔና ባለቤቴ የራሳችንንም ደብተር ገለጥን። የአገልግሎቱ ጭንቀትና የቤታችን ወሬ የሚያልፉት በአንዲት ሰዓት፣ ከእራት በኋላ ባለችው ሰዓት ብቻ ነበር። ምእመናንን ሲያጽናና ውሎ የመጣ ሰው ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ስጠይቀው በቁጣ ይመልስልኛል፤ እኔም «አይወደኝም» እላለሁ። አገልግሎቱም ጤነኛ ነው፣ ፍቅራችንም ጤነኛ ነው፤ መንገዱ ግን ጠቦ ነበር። አሁን የቤታችንን ጉዳይ የምንነጋገረው ማለዳ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ስልክ ተዘግቶ ነው። ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልላችሁም፤ ጥዝታው ግን ቀንሷል።

በገና ዋዜማ መልአኩ ሰይፉን ሲመዝ አዳራሹ በእሳት ቀለም ደመቀ። አህያ የሆነችው ትንሽ ልጅ «ምን አደረግሁህ?» ብላ ስትጠይቅ ሕዝቡ ሳቀ። ከፊት ወንበር የተቀመጠው ባለቤቴ ግን አልሳቀም፤ ዞር ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ የቆመውን ልጁን ፈለገው።

የጌታ ሰላም በቤታችሁ ይብዛ።