ደብረ ታቦር ላይ «ቦይል» ስንት ዲግሪ ነው?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በእንግሊዝኛ ከሚያጠናቸው የሳይንስ ዓረፍተ ነገሮች አንዱ «ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል» የሚለው ነው። ደብረ ታቦር ላይ ድስት ጥዳችሁ፣ ውኃው ፍልቅ ፍልቅ ሲል የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ብትከቱበት ግን 91 አካባቢ ላይ ቀጥ ይላል። እሳቱን ብታነዱት፣ ማገዶ ብትጨምሩ ንቅንቅ የለም። ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም፤ መጽሐፉም አልዋሸም፤ «በባሕር ጠለል» የምትለዋን ቃል ዘለላት እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ የሚፈላው በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር ገፍቶ አረፋ መሥራት ሲችል ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ጫና በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። ጫናው ሲቀል እንፋሎቱ ቶሎ ያሸንፋል። በግምት 300 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ነጥበ ፍሌት በአንድ ዲግሪ ይወርዳል። ወደ ወረታ ወርዳችሁ ፎገራ ሜዳ ላይ ብትሞክሩት 94 ታገኛላችሁ። ጉና ተራራ ጫፍ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ወደ 86 ይወርዳል።

ይሄ ከእንግሊዝኛ ቃላት ጋር ምን አገናኘው? በደንብ ያገናኘዋል። አብዛኞቻችን የወጥ ቤት ቃላትን የምናጠናው በሁለት ዓምድ ነው፤ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። «ቦይል» መቀቀል፣ «ፍራይ» መጥበስ፣ «ሮስት» መጥበስ፣ «ግሪል»... አሁንም መጥበስ። እዚህ ላይ ዓምዱ ይፈርሳል። እኔ የምህንድስና ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከዚህ የሚሻለው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው እላለሁ፦ ሙቀቱን ወደ ምግቡ የሚያደርሰው ምንድን ነው?

ዘይት ከሆነ «ፍራይ» ነው። ፍም ላይ በቀጥታ ከሆነ፣ እንደ እሸት በቆሎ ጥብስ፣ «ግሪል» ነው። ያለ ውኃ በደረቅ ሙቀት ከሆነ «ሮስት» ይባላል፤ ቡና መቁላትም ገብስ ቆሎ ማድረግም እዚህ ይገባሉ። እንፋሎት ከሆነ «ስቲም» ነው፤ በእንፋሎት የሚበስለውን ህብስት አስቡ። ውኃ ከሆነ «ቦይል»። አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ይጠነቀቃል፦ ውኃው ይፈላል፣ ድንቹ ይቀቀላል። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ግሥ ነው ያለው። ስለዚህ «ድንቹ ቦይል እያደረገ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ስታነቡ ድንቹ ራሱ እየተንፈላሰሰ አይደለም፣ የፈላ ውኃ ውስጥ ነው ያለው።

«ቤክ» እና «ሮስት» ግን ጥያቄዬን ያበላሹብኛል። ሁለቱም ደረቅ ሙቀት ናቸው፤ ሊጥ ከሆነ «ቤክ»፣ ሥጋ ወይም ቡና ከሆነ «ሮስት» ይላሉ። ድንች ደግሞ ሁለቱንም ይባላል። እዚህ ፊዚክስ አትፈልጉ፣ ልማድ ነው፤ ያው መሸምደድ ነው። እንጀራማ ለብቻው ነው፦ ከታች የጋለ ምጣድ፣ ከላይ አክንባሎው ያፈነው እንፋሎት። ግማሽ «ቤክ» ግማሽ «ስቲም» ማለት ነው። ስሙን መተርጎም አያስፈልጋችሁም፤ እንጀራም ጤፍም በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ በራሳቸው ስም ገብተዋል።

አሁን ወደ ቴርሞሜትሩ እንመለስ። ከላይ ያሉት ግሦች እርጥብና ደረቅ ተብለው ለሁለት ይከፈላሉ። እርጥቦቹ፣ «ቦይል» እና «ስቲም»፣ ከነጥበ ፍሌት ማለፍ ስለማይችሉ ከፍታ ያስራቸዋል። ደረቆቹን ከፍታ እምብዛም አይነካቸውም። የጋለ ዘይት ጂቡቲም ደብረ ታቦርም 170 ወይም 180 ዲግሪ መድረስ ይችላል፤ ቡና የሚቆላው ደግሞ ከ200 ባለፈ ሙቀት ነው። ቡና ሲቆላ ወይም ሥጋ ሲጠበስ የምናየው ቡናማ ቀለምና ያ የሚያውድ ሽታ በደንብ የሚመጣው ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። የተቀቀለ ሥጋ የጥብስ ሽታ የማይኖረውም ለዚህ ነው፤ ውኃው አያደርሰውም።

«ሲመር» የምትባለዋን ቃል ደግሞ ተመልከቱ። ወጡ ሳይገነፍል ቀስ እያለ ሲንተከተክ ማለት ነው። ብዙ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ይሏታል። በቁጥሩ ከሄድን እንግዲህ ደብረ ታቦር ላይ የሚንፎለፎለው ውኃ ምፅዋ ላይ «ሲመር» ነው! ቋንቋው ግን የሚያየው አረፋውን ነው እንጂ ዲግሪውን አይደለም። ስለዚህ ደብረ ታቦር ላይ ሆናችሁም «ቦይል» ብትሉ ትክክል ናችሁ።

ችግር የሚመጣው ቃሉ ከሰዓት ጋር ተያይዞ ሲታዘዝ ነው። የፓስታ እሽግ ላይ «ለ8 ደቂቃ ቦይል አድርጉ» ተብሎ ሲጻፍ ጸሐፊው ያሰበው 100 ዲግሪን ነው። በ91 ዲግሪ ምግብ የሚያበስሉት ለውጦች ስለሚዘገዩ ደቂቃው መጨመር አለበት። ባቄላና አተር ላይ ልዩነቱ በጣም ይታያል፤ ማገዶ ለሚገዛ ቤት ደግሞ እያንዳንዷ ደቂቃ ገንዘብ ናት። እዚህ ላይ የግፊት ድስት ይረዳል። ክዳኑ ላይ ያለችው ክብደት የምትጨምረው ጫና ከውጭው አየር ላይ የሚደመር ነው። ባሕር ጠለል ላይ ውስጡ 120 ዲግሪ የሚደርስ ድስት ደብረ ታቦር ላይ ወደ 115 ይደርሳል። ያም ቢሆን ከ91 ጋር አይወዳደርም።

ከሙቀት ውጭ ያሉ ሁለት ሦስት ወጥመዶችም አሉ። «በሰለ» ስንል ወጡም ሙዙም ይበስላል፤ እንግሊዝኛ ግን እሳት ላይ ለበሰለው «ኩክድ»፣ ዛፍ ላይ ለበሰለው «ራይፕ» ይላል። ሙዙን «ኩክድ» ካላችሁ ሰሚው ድስት ነው የሚያስበው። ቅቤ ሲቀልጥ «ሜልት» ነው፣ ጨው ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ግን «ዲዞልቭ»፤ አማርኛችንም ስለሚለያቸው ይሄ ቀላል ነው። «ሜልት» ለብረታ ብረትም ይሆናል፦ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራው በቀለጠ ብረታ ብረት ነው። ጉርሻ ደግሞ ሁለት ነው፤ ለአስተናጋጅ የምንተወው «ቲፕ» ይባላል፣ በእጅ ጠቅልለን የምናጎርሰው ግን በአንድ ቃል የሚጠራበት እንግሊዝኛ የለውም፤ ማስረዳት ነው ያለባችሁ።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ድንቾች አንዱን በክፍት ድስት፣ ሌላውን በግፊት ድስት ቀቅሉና ሹካ እስኪገባቸው የፈጀውን ደቂቃ መዝግቡ፤ ውጤቱን በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ለእያንዳንዱ ግሥ ዲግሪውን ገምታችሁ ጎኑ ላይ አስፍሩ። የግፊት ድስቱን ትልቅ ሰው ይክፈተው፣ ያውም እንፋሎቱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ። የትኩሳት መለኪያ ደግሞ የፈላ ውኃ ውስጥ እንዳትከቱ፤ 42 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚያበቃ ይፈነዳል።