ለብቻው የተቀመሰ ቡና

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የተሰበሰበ የቡና ዘር በታንዛንያና በኮስታሪካ የምርምር ጣቢያዎች አልፎ ፓናማ ገባ። ጌሻ ይሉታል። ፓናማም ከደረሰ በኋላ ምርቱ ከሌላው ጋር እየተደባለቀ ስለሚሸጥ ለዓመታት ልብ ያለው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ የየማሳውን ቡና ለይቶ ሲያቀምስ ግን ጉዱ ወጣ፤ ጌሻ የአገሪቱን ውድድር አሸንፎ በጨረታ ፓውንዱ 21 ዶላር ተሸጠ። ዘሩም መሬቱም ያው ነበሩ፤ አዲሱ ነገር መለየቱ ነው።

የፈረንሳይ ቡርጎኝ ወይን አምራቾች ይህን ከዘመናት በፊት አውቀውታል። ቀይ ወይናቸው ከሞላ ጎደል ፒኖ ኗር ከሚባል አንድ ዝርያ ይጠመቃል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ማሳዎች ምርት ግን በየስሙና በየዋጋው ይሸጣል። በቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው የጌሻ ቪሌጅ እርሻም 471 ሄክታር መሬቱን ባንጊ፣ ሱርማ፣ ኦማ፣ ናርሻ እያለ ከፋፍሎ ቡናውን በየክፍሉ ስም ለገበያ ያቀርባል። አገራችን ቀድማ ልትጀምረው የሚገባት አሠራር ነበር እላለሁ።

መለየት የሚጀምረው ከዝናቡ ነው። ቡና የሚያብበው የበጋው ድርቅ ሲሰበር ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጠገብ አድርጎ ከጣለ አበባው በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ እየቆራረጠ ካካፋ ግን አበባው ሁለትና ሦስት ጊዜ ይወጣል። በዚያ ዓመት፣ ከወራት በኋላ፣ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ፍሬ ተደባልቆ ይገኛል። ያኔ ባለማሳው ይወስናል፦ ለቃሚውን ደጋግሞ እየመለሰ ቀዩን ብቻ ያስለቅም ወይስ ቅርንጫፉን አንዴ አሟጦ ያራግፍ? ማራገፉ ወጪ ይቀንሳል፤ ያልበሰለው ፍሬ ግን ስኒው ውስጥ ይጎመዝዛል። ክፉ ዓመት የሚባለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ የተበላሸ ደህና ዓመት ነው።

ከፍታም የራሱን ድርሻ ይይዛል። ከሚዛን ተፈሪ ብዙም የማይርቀው፣ አሥር ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው የበበቃ እርሻ ዝቅ ብሎ ሞቃት አየር ላይ ስለሚገኝ ፍሬው ቶሎ ይበስላል። ከፍ ባለው ቦታ ይዘገያል፤ በዘገየ መጠንም ጣዕሙ ይጠነክራል። በቆላው ጥላ ዛፍ ሙቀቱን ስለሚያበርድ፣ ምርት ለመጨመር ሲባል ጥላውን መመንጠር ጣዕሙን መመንጠር ነው።

ቀጥሎ ማጠቢያ ጣቢያው ይመጣል። እሸቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ባዶውና ተባይ የበላው ይንሳፈፋል፤ ከላይ ይጠለላል። የሰመጠው ተፈልፍሎ፣ ፍሬውን የሸፈነው ልጋግ እስኪለቅ ገንዳ ውስጥ ይብላላል። ሠራተኛው እጁን ገንዳው ውስጥ ከትቶ ፍሬውን በመዳፉ ያሻል፤ ማዳለጡን ትቶ እንደ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ደርሷል። በሞቃት ቦታ ይህ ቶሎ ይደርሳል፤ ሰዓቱ ካለፈ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፤ ያ ሽታ ደግሞ በኋላ በምንም አይወጣም።

ሳይታጠብ የሚደርቀው ጀንፈል ሌላ ትዕግሥት ይፈልጋል። ማድረቂያ አልጋው ላይ ወፍሮ ከተሰጣ ይሻግታል፤ ጠራራ ፀሐይ ከመታው ከላይ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ይገላበጣል፣ ማታ ከጤዛ ይሸፈናል፤ እርጥበቱ 12 በመቶ አካባቢ እስኪወርድ ድረስ ሳምንታት ይወስዳል። በደንብ የተያዘ ጀንፈል የፍራፍሬ ጣፋጭነት ይሰጣል፤ ከዚያው ማሳ የታጠበው ደግሞ ጠርቶ፣ አሲዱ ጎልቶ ይቀመሳል።

ይህ ልዩነት ግን ገበያ ላይ ይጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በአካባቢና በደረጃ ይመድብ ስለነበር፣ ቴፒ ላይ ተጠንቅቆ የለቀመ ገበሬና ያራገፈ ገበሬ ቡናቸው አንድ ክምር ውስጥ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በተደረገው ማሻሻያ ቡና ከምንጩ ሳይለይ እስከ ገዢው የሚደርስበት መንገድ ተከፍቷል። የሚቀረው ለቃሚው ጋ ነው። በኪሎ የሚከፈለው ሰው ቀዩን ለመምረጥ የሚያጠፋው ጊዜ ከገቢው ላይ ይቀነሳል፤ ለቀይ እሸት የተለየ ዋጋ ያልመደበ እርሻ፣ ማሳውን የፈለገውን ስም ቢሰጠው፣ ከቅርንጫፉ የሚያገኘው የተደባለቀ ፍሬ ነው።